ከተከለለ መደብ እስከ ተግባር ልምምድ፤ የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የሥራ ፍለጋ ታሪክ

በ1963 ዓ.ም. የወጣው ትእዛዝ ቁጥር 70 አካል ጉዳተኞችን መልሶ የሚያቋቁም መንግሥታዊ ድርጅት ሲያቆም፣ የድርጅቱ ተረጂ ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ መወሰን ነበረበት። በትእዛዙ ትርጓሜ መሠረት አካል ጉዳተኛ ማለት፣ በአካሉ ወይም በአእምሮው ጤና ጉድለት የተነሣ መተዳደሪያውን ሠርቶ ለማግኘት የማይችልና ደጋፊም የሌለው ሰው ነው። በሕፃንነት ወይም በእርጅና ምክንያት ሠርቶ ማደር ያልቻለውም በዚያው ስም ተጠቃልሏል። ይህን ትርጓሜ ረጋ ብሎ ለሚመረምር ሰው፣ ጉዳቱ የተለካው በእጅ፣ በእግር ወይም በዓይን ሳይሆን በእንጀራ መሆኑ ጎልቶ ይታየዋል። ሠርቶ የሚያድር ዓይነ ስውር በዚህ አነጋገር አካል ጉዳተኛ አልነበረም፤ አካል ጉዳተኛ ተብሎ የተመዘገበው ደግሞ ሥራ የማይችል መሆኑ አስቀድሞ ተፈርዶበታል። ተምሮ ሥራ የሚፈልገው ወጣት በሁለቱ መካከል ቦታ አልነበረውም።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ወጣት በዚያ ዘመን ያልታሰበ እንግዳ አልነበረም። የሰበታው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ልጆችን በብሬይል ያስተምር ነበር፤ የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበርም በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተመሥርቶ ነበር። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በኩል ደግሞ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ፣ በአብዛኛው በመምህርነት፣ እንዲያገለግል ተደነገገ። ይህ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት በአገራችን ተማሪን ከምረቃው በፊት ከሥራ ዓለም ጋር በግዴታ ያስተዋወቀ የመጀመሪያው ሰፊ ዕቅድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከልዩ ትምህርት ቤቶች የወጡ ወጣቶች በየዘመኑ እስከ ዩኒቨርሲቲ ዘልቀዋል። የሄዱበት መንገድ ግን ጠባብ ነበር። ሕግ፣ ቋንቋ፣ ታሪክና መምህርነት ተከፈቱላቸው፤ ሒሳብ፣ ፊዚክስና ምህንድስና ተዘጉባቸው። ምክንያቱ የአእምሮ ጉድለት አይደለም። የሒሳብ ምልክትን በብሬይል የሚያስተምር መምህር፣ ሥዕላዊ መግለጫን በጣት እንዲዳሰስ አድርጎ የሚያዘጋጅ መሣሪያ፣ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመች ቤተ ሙከራ አልነበረም፤ ዛሬም በበቂ አይገኝም። በአምስት ዓመቷ ዓይነ ስውር የሆነችው የትነበርሽ ንጉሤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንታ በአካል ጉዳተኞች መብት ተከራካሪነቷ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝታለች። የእርስዋ ስኬት የሚያስደስተውን ያህል፣ የተከፈተው በር የትኛው እንደ ነበረም ያመለክታል።

ወደ ሕጉ ታሪክ እንመለስ። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 159፣ ማለት የአካል ጉዳተኞችን የሙያ ተሐድሶና ሥራ የሚመለከተውን፣ በ1983 ዓ.ም. ተቀበለች። ከሦስት ዓመት በኋላ አዋጅ ቁጥር 101/1986 የአካል ጉዳተኞችን የመሥራት መብት ደነገገ። የዚህ አዋጅ መንፈስ ቅን ነበር፤ ዘዴው ግን የተወሰኑ የሥራ መደቦችን ለአካል ጉዳተኞች መከለል ነበር። ዘዴው ለኢትዮጵያ ብቻ የተለየ አልነበረም፤ አውሮፓውያንም ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ የቁስለኞቻቸውን ብዛት አይተው በየድርጅቱ ቦታ መመደብን ይዘው ነበር። በዚህ አሠራር አንድ ሰው መደብ ያገኛል፤ ከዚያ መደብ ውጪ ያለው ሥራ ሁሉ ግን የሌላው ነው የሚለው አስተሳሰብ አብሮ ይጸድቃል።

ይህን ስሕተት የገለጸው ሕጉ ራሱ ነው። በመጋቢት 2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 በመግቢያው ላይ፣ ነባሩ ሕግ የተወሰኑ መደቦችን ብቻ በመከለሉ አካል ጉዳተኞች በችሎታቸው ተወዳድረው መሥራት የማይችሉ መስለው እንዲታዩ ማድረጉን በግልጽ ይናገራል። አንድ አዋጅ የቀደመውን እንዲህ ሲወቅስ ማየት የተለመደ አይደለም። አዲሱ አዋጅ ውድድርን መሠረት አደረገ፤ እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ላመጣ አካል ጉዳተኛ ቅድሚያ ሰጠ፤ አሠሪው የሥራውንና የሥልጠናውን ሁኔታ እንዲያመቻች፣ በሚያስፈልግበትም ጊዜ ረዳት እንዲመድብ አዘዘ። አድልዎ ተፈጽሞብኛል የሚል አመልካች ክስ ሲያቀርብ ደግሞ የማስረዳቱን ሸክም በተከሳሹ ላይ ጣለ። በ1963 የተጠየቀው «ይህ ሰው ይሠራልን?» የሚል ነበር። በ2000 ግን «ሥራው ለዚህ ሰው እንዴት ይዘጋጅ?» ወደሚል ተለወጠ።

ለመሐንዲስ ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ባዕድ ሊሆንበት አይገባም። የኒውዮርኩን የብሩክሊን ድልድይ ያሠራው ዋሽንግተን ሮብሊንግ፣ መሠረቱ በሚቆፈርበት በታመቀ አየር የተሞላ ክፍል ውስጥ ሲወርድና ሲወጣ ከያዘው ሕመም የተነሣ ከ1872 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራው ቦታ መገኘት ተሳነው። ከቤቱ መስኮት ሆኖ ሥራውን ሲከታተል፣ ባለቤቱ ኤሚሊ ትእዛዙን እያደረሰች፣ ራስዋም የምህንድስናውን ዕውቀት እያጠናች ድልድዩ በ1883 ተመረቀ። ረዳት መመደብ ማለት በዘመናችን የተፈለሰፈ ቸርነት እንዳልሆነ ይህ ያስረዳል። ልዩነቱ ሮብሊንግ ዋና መሐንዲስ ከሆነ በኋላ የታመመ መሆኑ ነው፤ ገና ሥራ ጠያቂ ሳለ ታሞ ቢሆን ኖሮ ማን በቀጠረው?

የኋለኛው ዕጣ የደረሰው ኤድ ሮበርትስ ነው። በልጅነቱ በፖሊዮ ከአንገቱ በታች ሽባ የሆነው ይህ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1962 በርክሌይ ከሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ የግዛቲቱ የተሐድሶ መሥሪያ ቤት ጉዳቱ የከፋ ስለ ሆነ ሥራ ሊይዝ አይችልም በማለት እርዳታ ከልክሎት ነበር። እርሱና ባልንጀሮቹ የታገሉለት የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች አገልግሎት በ1970 በዚያው ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ፤ በ1975 ደግሞ ሮበርትስ የዚያው የተሐድሶ መሥሪያ ቤት ዲሬክተር ሆኖ ተሾመ።

ከላይ የተባለውን በአገር ቤት ለመመዘን ጅማ የተመቸች ስፍራ ናት። በ1940ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ እርዳታ የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመውም የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት፣ ተማሪን ከክፍል አውጥቶ ከገበሬውና ከሕመምተኛው ጋር ማገናኘትን ዓላማቸው አድርገው ነበር። ሁለቱ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑ ኅብረተሰብን መሠረት ያደረገው ትምህርት የዩኒቨርሲቲው መለያ ሆነ። በዚህም ልማድ ተማሪዎች በቡድን እየሆኑ እንደ አጋሮ፣ ሸቤና አሰንዳቦ ባሉ ከተሞች ሰንብተው ይሠራሉ። የምህንድስና ትምህርት የሚሰጠው ከዋናው ግቢ ተለይቶ በኪቶ ፉርዲሳ ነው። የልዩ ፍላጎት ትምህርትን የሚያጠና ክፍል ያለው ዩኒቨርሲቲ፣ መሐንዲሶቹንም በአንድ ከተማ ውስጥ ማስተማሩ ሊናቅ የማይገባው ዕድል ነው።

ዋናው ፈተና የሚመጣው በተግባር ልምምዱ ጊዜ ነው። በ2000 ዓ.ም. ግድም በምህንድስና ትምህርት ላይ ከተደረገው ማሻሻያ ወዲህ ተማሪው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ለወራት በአንድ ድርጅት ይለማመዳል። በተለመደው አሠራር የትብብር ደብዳቤ ይዞ በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ይጠናል፤ ከዘመድና ከጓደኛ አፍ ወሬ ይለቃቅማል። ዓመታዊው ዝናብ 1,500 ሚሊሜትር ያህል በሚደርስበት አገር፣ በክረምት ጭቃ በተሽከርካሪ ወንበር ወይም በምርኩዝ ደጅ መጥናት ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያሻም። መስማት ለተሳነው ተማሪ ደግሞ ችግሩ መንገዱ ሳይሆን ከደረሰ በኋላ የዘበኛውና የጸሐፊዋ ጥያቄ ነው።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱትም ጭምር፣ መግቢያና የሚመች መጸዳጃ እንዲኖራቸው ያዝዛል። የሲቪል ምህንድስና ተለማማጅ ግን የሚሠራው ገና ባላለቀ ሕንፃ ውስጥ ነው። ራምፑ በፕላኑ ላይ አለ፤ በመሬት ላይ ያለው የባሕር ዛፍ መወጣጫ ነው። ይሁን እንጂ የግንባታ ሥራ ሁሉ መወጣጫ ላይ አይሠራም። የመጠን ስሌት፣ የብረት ዝርዝር፣ የሥራ መርሐ ግብር፣ የናሙና ምርመራ በጠረጴዛ የሚሠሩ ናቸው። በ1996 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በ184 ሜጋዋት የግልገል ጊቤ ማመንጫም ተለማማጅ ከመቆጣጠሪያ ክፍል የሚማረው ብዙ ነው።

የቡናውም ሙያ እንዲሁ ነው። ደረጃ ሲወጣለት ከመቶው 40 የሚሰጠው ለጥሬው ቡና፣ 60 የሚሰጠው ለስኒው ነው፤ ስኒውን የሚዳኙት ምላስና አፍንጫ ናቸው። ለዓይነ ስውር ወጣት ከአንድ የቡና ቅምሻ ክፍል የሚቀርብ ሙያ ብዙ አይገኝም፤ አጋሮና ሊሙ ደግሞ ሩቅ አይደሉም።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ የሕግ ክፍተት አለ። አዋጅ 568 አሠሪን ይገዛል፤ ተማሪው ግን ተቀጣሪ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሙያ ለመልመድ ከሚደረገው ውል በስተቀር ለማስተማር ወይም ለማሠልጠን የሚደረጉ ግንኙነቶችን ከወሰኑ ውጪ ያደርጋል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጆችም፣ በ2001 የወጣው ቁጥር 650ም ሆነ እርሱን የተካው የ2011ዱ ቁጥር 1152፣ ግዴታውን የሚጭኑት በትምህርት ተቋሙ ላይ ነው። ስለዚህ ተማሪው ከኪቶ ፉርዲሳ በር እስከ ድርጅቱ በር ባለው መንገድ ላይ ማንም በግልጽ የማይጠየቅበት ሆኖ ይቀራል። ቀጣሪ ሠራተኛውን አስቀድሞ የሚያውቀው በልምምድ ጊዜ እንደ ሆነ ሲታሰብ፣ በዚያ ወር በሩ የተዘጋበት ተማሪ ከዓመት በኋላ በውድድር መብት ምን ያህል ይጠቀማል?

ክፍተቱን ለመሙላት አዲስ አዋጅ መጠበቅ ግድ አይደለም። ልምምድ የሚያስተባብረው ክፍል ተቀባይ ድርጅቶችን የሚያሰፍርበት መዝገብ ስምና ስልክ ቁጥር ከያዘ፣ የደረጃውን ብዛት፣ የመጸዳጃውን በር ስፋት፣ የማደሪያውን ርቀት፣ በጽሑፍ የሚያነጋግር ተቆጣጣሪ መኖሩን የሚያሳይ ዓምድ ቢጨመርበት ከአንድ ቀን የቅየሳ ሥራ አይበልጥም። ቅየሳውን ራሳቸው የምህንድስና ተማሪዎች ሊሠሩት ይችላሉ። ጊዜው ግን ይታሰብበት። በጅማ ዙሪያ የእሸት ቡና ማጠቢያዎች የሚሠሩት በመከር፣ ከመስከረም ማለቂያ እስከ ታኅሣሥ ገደማ ነው፤ በሌላው ወር ማሽኑ ቆሞ፣ ገንዳው ደርቆ ይገኛል። ስለዚህ በማጠቢያ ጣቢያ ለሚለማመድ ተማሪ ቦታው ታይቶ ከባለቤቱ ጋር ስምምነት መደረግ ያለበት ክረምቱ ሳይገባ፣ እስከ ግንቦት ነው።