ተምሮ ማስተማር፦ የተመራቂው ብድር በጣና ዳርቻ



የዛሬው ንግግሬ የሚነሣው ከአንድ ጥያቄ ነው። ተመራቂ ለተማረበት ቤትና ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው የሳይንስ ተማሪ ምን ዕዳ አለበት? ጥያቄው በየዓመቱ በምረቃ ሰሞን ይነሣል። ሜዳልያው ይሰጣል፣ ዋንጫው ይነሣል፣ የቀድሞ ተመራቂዎች ስም በክብር ይጠራል። መልሱን ግን ከታሪክ የምንፈልገው ከስንት አንዴ ነው። እኔ ዛሬ ሦስት ዘመናትን በአጭሩ አልፌ ወደ ዛሬው ችግራችን ለመድረስ እሞክራለሁ።

የመጀመሪያው ዘመን ከዘመናዊው ትምህርት ይቀድማል። የቅኔ ሊቃውንት ሦስት ታላላቅ የቅኔ ቤቶችን ይቆጥራሉ፤ ዋድላ፣ ዋሸራና ጎንጅ። ከሦስቱ ዋሸራና ጎንጅ የሚገኙት በጎጃም ነው። ተማሪው አገሩን ጥሎ፣ ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ ይመጣል፤ የሚበላውንም ከየቤቱ ለምኖ ያገኛል። ይህ የሚያሳየን አንድ ነገር ነው። የተማሪውን ወጪ የሚሸፍነው ራሱ ያልተማረው ገበሬ ነበር። መምህሩ ብቻውን ሁሉን ስለማይደርስ በእውቀት የገፋው ተማሪ ጀማሪውን ያስተምራል። ተምሮ የጨረሰውም ወንበር ዘርግቶ ሌላውን ያስተምራል፤ «የማን ተማሪ ነህ?» ሲባልም የመምህሩን የትውልድ ሐረግ ይቆጥራል። በዚያ ሥርዓት የትምህርት ብድር በገንዘብ አይመለስም፤ የሚመለሰው ተተኪ በማፍራት ነበር።

ይህን ስል ያለፈውን ለማስዋብ አይደለም። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን የመሰሉ ስመ ጥር ሴት የቅኔ መምህር ቢኖሩም በሩ ለሴቶች እጅግ ጠባብ ነበር፤ የተፈጥሮ ሳይንስም የዚያ ቤት ትምህርት አልነበረም። ሆኖም ዝምድናው አልተቋረጠም። በዩኒቨርሲቲያችን የጠፈር ፊዚክስን የሚያጠናው ቤተ ሙከራ «ዋሸራ» ተብሎ ተሰይሟል። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ያልፋል። በዚህ ምክንያት በላይኛው ከባቢ አየር ውስጥ የሚፈሰው የኤሌክትሪክ ጅረት ከሌላው አካባቢ ይበልጥ ይበረታል፤ የሬድዮንና የሳተላይት ምልክቶችንም ያውካል። ለዚህ ጥናት ምቹ ስፍራ ያለን እኛ ስንሆን፣ ለቤተ ሙከራው ስም የተሰጠው ከቅኔ ቤት ነው። ስሙን የወረሰ ተቋም ተተኪ የማፍራቱን ልማድም እንዲወርስ መጠበቅ ተገቢ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ዘመን የሚጀምረው በ1955 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በኢትዮጵያና በሶቪየት ኅብረት የቴክኒክ ትብብር የባህር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ተቋቋመ። የትምህርት ክፍሎቹ የግብርና መካኒክ፣ የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ፣ ኤሌክትሪክ፣ ብረታ ብረት፣ ጨርቃ ጨርቅና እንጨት ሥራ ነበሩ። ምርጫው በአጋጣሚ አልተደረገም። በዚያው ዘመን በከተማዋ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በጢስ ዓባይ ደግሞ የውኃ ኃይል ማመንጫ ተሠርተዋል፤ ፋብሪካም ተርባይንም ባለሙያ ይፈልጋሉ። ቀጥሎ በ1965 ዓ.ም. በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ስምምነት የፔዳጎጂ አካዳሚ ተመሠረተ። ዓላማው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን ከገጠሩ ኑሮ ጋር የሚያዛምዱ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ነበር። ዛሬም ነዋሪው ሁለቱን ግቢዎች «ፖሊ» እና «ፔዳ» እያለ ይጠራቸዋል።

በዚህ ዘመን የተመራቂው ብድር በመንግሥት ይወሰን ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ደንብ አወጣ፤ አብዛኞቹም በመምህርነት ተመደቡ። በብዙ የጠቅላይ ግዛት ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩት እነዚህ ገና ያልተመረቁ ወጣቶች ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ደግሞ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አዘመተ። የመጀመሪያው አገልግሎት ትምህርት ቤቶችን በመምህር ሲረዳ፣ ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲውን ዘግቶ የትምህርቱን ሰንሰለት በጠሰ። ሁለቱም በግዳጅ የተጣሉ ናቸው፤ ውጤታቸው ግን አንድ አይደለም። ልዩነቱን የፈጠረው ተማሪው ከትምህርቱ ጋር በሚያያዝ ሥራ መሰማራቱ ወይም አለመሰማራቱ ነው።

ሦስተኛው ዘመን የራሳችን ነው። በ1992 ዓ.ም. ፖሊና ፔዳ ተዋሕደው ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት ከሚመደቡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 70 በመቶው በሳይንስና በቴክኖሎጂ እንዲማሩ ወሰነ። የተመራቂው ቁጥር በፍጥነት ጨመረ፤ መንግሥት ሁሉንም ይመድብ የነበረበት አሠራር ቀረ፤ ብዙዎችም ወደ ውጭ ሄዱ። ብድሩ የፈቃድ ጉዳይ ሆነ። የፈቃድ ነገር ደግሞ ወደ ሚታየው ያዘነብላል፤ ወደ ሽልማት፣ ወደ መታሰቢያ፣ ወደ በዓል።

የተመራቂን ስኬት ማክበርን አላናንቅም። ከዚህ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በፍኖተ ሰላም የተወለዱት ዶክተር ሰገነት ቀለሙ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያገኙት ከዓለማያ ኮሌጅ ነው። በእጽዋት በሽታ ምርምር ከአሜሪካ እስከ ኮሎምቢያ ከሠሩ በኋላ ወደ አፍሪካ ተመለሱ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የሎሬያል–ዩኔስኮ የሴቶች ሳይንስ ሽልማትን ተቀበሉ። አንዲት የጎጃም ልጃገረድ ይህን ስትሰማ የምታገኘውን ተስፋ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን እኔ ከሽልማቱ በላይ የማደንቀው ሌላ ነው። ናይሮቢ በሚገኝ የባዮሳይንስ ምርምር ማዕከል በኃላፊነት በሠሩባቸው ዓመታት በአገራቸው ቤተ ሙከራ ያጡ ወጣት አፍሪካውያን ሳይንቲስቶች ገብተው እንዲሠሩ በር ተከፍቶላቸዋል።

ሁለተኛ ምሳሌ ልጨምር። የፊዚክስ መምህሩ ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ በዚያን ጊዜ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ፣ በውጭም ተምረው ተመለሱ። በደርግ ዘመን ለዓመታት ሲታሰሩ በእስር ቤት ሆነው ለታሳሪዎች ፊዚክስን አስተማሩ። ከእስር ሲወጡም ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመለሱ። በ2012 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር በአንድሬ ሳካሮቭ ስም የሚሰጠውን ሽልማት ሰጣቸው። የቅኔው ቤት ሕግ በእስር ቤትም እንደሚሠራ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

እንግዲህ ወደ ዛሬው እንምጣ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ቁጥሩ 3.2 በመቶ ሆነ። በክልላችን በግጭት ምክንያት የተዘጉ ትምህርት ቤቶች ሲታከሉበት ወደ ሳይንስ ክፍሎቻችን የሚወስደው መንገድ ምን ያህል እንደጠበበ መገመት አያዳግትም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው እንዲሉ፣ የጠፈር ምርምር በሚካሄድበት ከተማ ዙሪያ የኬሚስትሪን ሙከራ ከሰሌዳ ላይ ሥዕል ብቻ የሚማር ልጅ አለ።

ይህ እውነት የተመራቂውን ዕዳ ቦታ ይቀይረዋል። በምረቃ ቀን ለአንደኛው ተማሪ የሚሰጥ ሽልማት መልካም ነው፤ ግን የሚደርሰው ጠባቡን በር ላለፈ ሰው ነው። በሩ ላይ የቀሩትን አያገኛቸውም። ዩኒቨርሲቲያችን በሳይንስ፣ በቴክኖሎጂ፣ በምህንድስናና በሒሳብ ማዕከሉ በኩል የአካባቢውን ጎበዝ ተማሪዎች ወደ ቤተ ሙከራ ማምጣቱ ትክክለኛውን አቅጣጫ ያሳያል። የቀረው ቤተ ሙከራውንና ሰውን ወደ ትምህርት ቤቱ መውሰድ ነው።

«ይህ የመንግሥት ኃላፊነት ነው፤ የተመራቂውም ደመወዝ ለራሱ አልበቃ ብሏል» የሚል ተቃውሞ እንደሚኖር አውቃለሁ። ተቃውሞው ትክክል ነው። ፖሊም ፔዳም የተሠሩት በመንግሥትና በዓለም አቀፍ ድርጅት ገንዘብ እንጂ በተመራቂ መዋጮ አይደለም፤ ተመራቂ መንግሥትን ሊተካ አይችልም። ነገር ግን በጀት የማይገዛው አንድ ነገር በተመራቂው እጅ አለ። በዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ምን እንደጎደለው ያውቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ስለዚህ ሦስት ሐሳቦችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ የሳይንስ ትምህርት ክፍል በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩ ተመራቂዎቹን ይመዝግብ፤ ከቀድሞ መምህራን ተቋሞቻችን የወረስነው ትልቁ ሀብት እነርሱ ናቸው። ሁለተኛ፣ ተመራቂዎች የሚያዋጡት ገንዘብም ሆነ ዕውቀት በእነዚሁ መምህራን በኩል ወደ ቤተ ሙከራና ወደ ታችኛው ክፍል ይድረስ፤ ለአንድ ዓመት በዓል የተሰጠ ሳይሆን ለአምስት ዓመት የተገባ ቃል ይሁን። ሦስተኛ፣ አንድን ተመራቂ ስናከብር የሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ መምህሩን ወይም መምህርቷን አብረን ወደ መድረኩ እንጥራ። ተሸላሚውንም የቅኔ ቤት ሰዎች እንደሚጠይቁት «የማን ተማሪ ነህ?» እንበለው፤ ቀጥሎም «የአንተስ ተማሪዎች የት አሉ?» ብለን እንጠይቀው።