ከዴንቨር አራት ማይል ላይ ያለው ቤት



ብዙዎቻችን በየቀኑ በመኪና የምናቋርጠው የቼሪ ክሪክ ወንዝ ዳር የዴንቨር አንጋፋ ቤት ቆሟል። ስሙ ፎር ማይል ሃውስ ነው፤ እንዲህ የተባለው ከጥንቱ የከተማው መሐል አራት ማይል ስለሚርቅ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቤቱን በ1859 በግንድ የሠሩት ብራንትነር የተባሉ ሰዎች ናቸው። ያኔ ወርቅ ተገኘ ተብሎ ሰው ከምሥራቅ በጋሪ ይጎርፍ ነበር። በዓመቱ ሜሪ ካውከር የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ገዛችው። ሁለት ልጆቿን ይዛ የመንገደኛ ማረፊያ አደረገችው፤ ፈረሱ ያርፍበታል፣ ሰው ይበላበታል፣ ይጠጣበታል። ለወጪ ወራጁ እህል ውሃ እያቀረቡ ልጅ ማሳደግን የእኛም እናቶች አሳምረው ያውቁታል።

በ1864 ግንቦት ላይ ወንዙ ሞልቶ ከተማውን አጥለቀለቀ። በዚያው ዓመት ሊቫይና ሚሊ ቡዝ የተባሉ ባልና ሚስት ቤቱን ገዙት። በ1870 ባቡር ዴንቨር ሲገባ የጋሪው መንገድ ጭር አለ። እነ ቡዝ ፊታቸውን ወደ እርሻ አዞሩ፤ ንብም አረቡ። በ1883 የጡብ ቤት ሲጨምሩ አሮጌውን የግንድ ቤት አላፈረሱትም። ዛሬ ሙዚየም ሆኖ የምናየው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን ለልጆቻችን አደራ እንንገራቸው። «የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች» ሲባል መሬቱ ባዶ የነበረ እንዳይመስላቸው። አገሩ የአራፓሆና የሻየን ሕዝቦች ነበር፤ በ1851 የተፈረመው የፎርት ላራሚ ውልም ይህንኑ ያውቅላቸው ነበር። እነ ቡዝ ቤቱን በገዙበት በዚያው በ1864፣ ኅዳር ላይ፣ ወታደሮች ሳንድ ክሪክ በተባለ ቦታ ሰፍረው የነበሩትን ፈጇቸው፤ ከሞቱት የሚበዙት ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ። የእነሱ የቆዳ ድንኳን እንደ ግንዱ ቤት ቆሞ አልቀረም። ታሪኩን ያቆዩት ልጆቻቸው ናቸው፣ በአፍ እየተቀባበሉ።

ለእኛም ነገሩ ቅርብ ነው። ስንቶቻችን ያደግንበት ቤት ፈርሶ ፎቅ በቅሎበታል! ምሰሶውን ማን እንዳቆመው፣ በረንዳው ላይ ማን ይቀመጥ እንደነበር የሚያውቀው አያት ወይም እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ከልጃችሁ ጋር ወደ አያት ደውሉ። ልጁ ራሱ በአማርኛ ይጠይቅ፦ ቤቱን ማን ሠራው? በምን ተሠራ? ከእናንተ በፊትስ እዚያ ማን ነበር? መልሱን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጽፎ ቅዳሜ ያምጣ፤ ክፍል ውስጥ እናነበዋለን።