በልክ የተሰፋና ተዘጋጅቶ የተገዛ፦ የመንግሥት ሒሳብ ሶፍትዌር አጭር ታሪክ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



የዛሬው ርእሴ ከታሪክ ይልቅ ለሥራ አመራር የሚቀርብ ይመስል ይሆናል። አንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሶፍትዌር ሲያስፈልገው በራሱ ልክ ያሠራ ወይስ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ይግዛ? ጥያቄው ግን በአገራችን ታሪክ አለው፤ ታሪኩም በአብዛኛው የተጠነሰሰው በዚሁ በአራዳ ምድር ነው። ከሥላሴ ካቴድራል አጠገብ ባለው ምክር ቤት በጀት ይጸድቃል፤ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት አዋጁን በነጋሪት ጋዜጣ ያትማል፤ ገንዘብ ሚኒስቴር ደግሞ ክፍፍሉን ያስፈጽማል። የጸደቀው ብር ወረዳ ደርሶ የመምህር ደመወዝ እስኪሆን ድረስ የሚሄድበትን መንገድ የሚመዘግበው መሣሪያ ነው የዛሬው ጉዳያችን።

ከኮምፒውተር በፊት ከነበረ ምሳሌ ልነሣ። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲወሳ መሐንዲስ አያና ብሩ አብረው ይወሳሉ። መኪናው በመሠረቱ የተሠራው ለላቲን ፊደል ነበር፤ ቁልፎቹም ጥቂት ናቸው። የእኛ ፊደል ግን 33 ሆሄያት በ7 ድምፅ ሲባዙ 231 ይሆናል፤ ይህም ዲቃላዎቹን ሳይጨምር ነው። መፍትሔው የፊደሉን ግንድና የድምፁን ምልክት ለያይቶ መምታት ሆነ። ታላቅ ብልኃት ነበር፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት የመንግሥት ደብዳቤ በዚህ ዓይነት መኪና ተጽፏል። ይሁን እንጂ ዋጋውን የከፈለው ፊደሉ ነው። ምልክቱ ከግንዱ ተነጥሎ የቆመበት ደብዳቤ ዛሬም በየመዝገብ ቤቱ ይገኛል። ለሌላ የተሠራ መሣሪያ ስንቀበል ከሁለት አንዱ መታጠፉ አይቀርም፤ ወይ መሣሪያው፣ ወይ እኛ።

ወደ ሒሳቡ እንለፍ። በ1988 ዓ.ም. የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ መርሐ ግብር ሲጀመር የመንግሥት ሒሳብ የሚያዘው በነጠላ አመዘጋገብ ነበር። ገንዘብ ሲወጣ ይጻፋል፤ ወጪው ያስከተለው ዕዳ ወይም የተወው ተሰብሳቢ ግን በዚያው መዝገብ ተገናዝቦ አይታይም። ማሻሻያው ባለ ሁለት ወገን አመዘጋገብን፣ አዲስ የሒሳብ መደብንና አዲስ የበጀት አዘገጃጀትን አመጣ። ሥራውን በዩናይትድ ስቴትስ መንግሥት ርዳታ የደገፈው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክት ነበር፤ መሪውም ስቲፈን ፒተርሰን ናቸው።

በዚያ ዘመን ብዙ የአፍሪካ መንግሥታት ትልልቅ ዝግጁ ፓኬጆችን እንዲገዙ ይመከሩ ነበር። እዚህ የተመረጠው ሌላ መንገድ ነው። ፒተርሰን በጽሑፎቻቸው የተከራከሩለት ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ አስቀድመህ ያለውን አሠራር እወቅ፣ ቀጥለህ አሻሽለው፣ ከዚያም እንዲዘልቅ አድርግ፤ ኮምፒውተሩ አሠራሩን ይከተል እንጂ አሠራሩ ኮምፒውተሩን አይከተል። ሌላም የጊዜው እውነት ነበር። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ጽሕፈት ፕሮግራም ፊደሉን በየራሱ ኮድ ያስቀምጥ ስለነበር፣ ከውጭ የመጣ ፓኬጅ አማርኛን በአግባቡ ይይዝ ዘንድ መጠበቅ የዋህነት ነበር።

በ1994 ዓ.ም. ደግሞ ሁኔታውን የለወጠ ነገር መጣ። በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች የበጀት ሥልጣን ወደ ወረዳ ወረደ። ቀድሞ በክልልና በዞን ይያዝ የነበረው ሒሳብ በመቶዎች በሚቆጠሩ ወረዳዎች መያዝ ነበረበት፤ በብዙዎቹም መብራት ይቆራረጣል፣ የተማረ የሒሳብ ሠራተኛም እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ የበርካታ ጽሕፈት ቤቶችን ሒሳብ በአንድ ቦታ ሰብስቦ የሚይዝ «ፑል» የሚባል አደረጃጀት ተፈጠረ። ይህን አደረጃጀት በካሊፎርኒያ ወይም በለንደን የተቀመጠ የሶፍትዌር ሠሪ አስቀድሞ ሊያስበው አይችልም።

በልክ የተሠሩት ፕሮግራሞች በደረጃ አድገው በ1990ዎቹ ማብቂያ «አይቤክስ» የተባለውን የተቀናጀ የበጀትና የወጪ ሥርዓት ወለዱ። ስሙ በእንግሊዝኛ የዋልያን ወገን የሚያስታውስ ምኅፃረ ቃል ነው፤ እንደ ዋልያውም ገደል እንዲወጣ ታስቦ የተሠራ ነበር። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ በመካከሉ 5 ወይም 6 ቀን ያላት፣ ደመወዝ የማይታሰብባት ጳጉሜን አለች። ሠራተኛው የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም እንጂ በቤተሰብ ስም አይደለም። የትኛውንም የመንግሥት ሒሳብ ሠራተኛ «6111 ምንድን ነው?» ብትሉት ሳያመነታ «የቋሚ ሠራተኞች ደመወዝ» ይላችኋል። መደቡ፣ መዝገቡና ሶፍትዌሩ አንድ ቋንቋ ስለተናገሩ፣ በእጅ መመዝገብ የለመደ ሠራተኛ በማያው ላይ የራሱን ሥራ አገኘው። የምርጫው ትልቁ ፍሬ ይህ ይመስለኛል።

ሆኖም ታሪክ ጸሐፊ ለአንድ ወገን ጠበቃ መሆን የለበትም። በልክ የተሰፋ ልብስ ሰፊው ሲሄድ ማን ያሰፋዋል፣ ማንስ ያጠበዋል? የሃርቫርዱ ፕሮጀክት በ2000 ዓ.ም. ሲዘጋ የፕሮግራሙን ውስጠ ነገር የሚያውቁት ሰዎች ጥቂት ነበሩ። የሠለጠነ ባለሙያ ደግሞ የተሻለ ደመወዝ ወዳለበት ይሄዳል። በዚያ ላይ መንግሥት ግዢን፣ ንብረትንና ደመወዝን ከበጀቱ ጋር በአንድ ሥርዓት ማስተሳሰር ፈለገ። ስለዚህ በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት በኦራክል ዝግጁ ፓኬጅ ላይ የተመሠረተውን የተቀናጀ የፋይናንስ አስተዳደር መረጃ ሥርዓት፣ በተለምዶ «ኢፍሚስ» የሚባለውን፣ በተመረጡ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች መሞከር ተጀመረ። ዝግጁ ፓኬጅ በብዙ አገር የተፈተነ፣ ከጀርባው ትልቅ ኩባንያ ያለው ነው። ግን የፈቃድና የጥገና ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ከአገሩ አሠራር ጋር ማስማማቱም ራሱን የቻለ ሌላ ልብስ ስፌት ይሆናል። ሁለቱ ሥርዓቶች ለዓመታት ጎን ለጎን መኖራቸው ምርጫው በአንድ ውሳኔ የሚዘጋ እንዳልሆነ ያሳያል።

የሌሎች የአፍሪካ አገሮች ልምድም ይህን ያጠናክራል። ጋና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ የኦራክልን ፓኬጅ ይዛ «ቢፔምስ» የተባለ ሥርዓት ጀመረች፤ ከዓመታት ድካም በኋላም የታሰበውን ያህል ሳይሠራ በሌላ ተተካ። የሚያስገርመው፣ ተተኪውም በዚያው በኦራክል ላይ የቆመ መሆኑ ነው። ታንዛኒያ በበኩሏ «ኤፒኮር» የተባለ መጠነኛ ዝግጁ ፓኬጅ ገዝታ ለ20 ዓመታት ያህል በደኅና ተጠቀመችበት፤ በኋላ ግን በራሷ ባለሙያዎች ወደተሠራው «ሙሴ» ዞረች። የተገዛው እዚያ ወደቀ፣ እዚህ ቆመ። ልዩነቱ በሶፍትዌሩ ዓይነት ብቻ ሊፈታ አይችልም።

ታዲያ በምን ይፈታል? ከዚህ ወደ ፒያሳ ብትወርዱ በየሱቁና በየድርጅቱ ፒችትሪን የሚያውቅ የሒሳብ ሠራተኛ አታጡም። ለዓመታት በየኮሌጁ የተማርነው ዝግጁ ፕሮግራም ነው። ለነጋዴው በልክ የተሠራ ፕሮግራም አያስፈልገውም፤ ሽያጭና ግዢ፣ ዱቤና ጥሬ ገንዘብ በየትም አገር አንድ ዓይነት ነውና። የወረዳ ፑል ግን ከዚህ የተለየ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ልግዛ ወይስ ላሠራ?» ሊሆን አይገባውም። «ሥራዬ የት ላይ ነው ከሌላው የሚለየው? ያ ልዩነትስ ሊጠበቅ የሚገባው ጥበብ ነው ወይስ ሊተው የሚገባው ልማድ?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ነጠላው አመዘጋገብ ልማድ ነበር፤ መታጠፍ ተገባው። የበጀት ዓመታችንና የወረዳው አደረጃጀት ግን ሕግና ኑሮ ናቸው፤ ለመሣሪያ ተብለው ሊታጠፉ አይገባም።

ሁለተኛው ጥያቄ ዕውቀቱ ከማን ጋር ይቀራል የሚለው ነው። ያሠራነውን የሚጠግን ባለሙያ ካላቆየን፣ የገዛነውን የሚፈትሽ ዐዋቂ ከሌለን፣ በሁለቱም መንገድ ባለቤትነቱ የእኛ አይደለም። ኪሳራውም በሰነድ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ሒሳቡ በጊዜው ያልተዘጋ ወረዳ የሚቀጥለውን በጀት በጭፍን ያዘጋጃል፤ ከዚያም ጤና ጣቢያው መድኃኒት ይጎድለዋል።

አበው «መጥኖ መደቆስ» ሲሉ ከምጣዱ በፊት ያለውን ሥራ ማለታቸው ነው። በዚህ በአራት ኪሎ ዙሪያ የኮምፒውተር ሳይንስና የሒሳብ አያያዝ ተማሪዎች በየፊናቸው ይመረቃሉ። ሁለቱ አብረው ወደ አንድ ወረዳ ፑል ሄደው፣ መዝገቡን ከፍተው አሠራሩን ቢመዘግቡ፣ ነገ ለሚገዛውም ለሚሠራውም ሶፍትዌር መለኪያው እዚያ ይገኛል። ልክን የሚያውቅ ሰው ከሰፊም ከሻጭም ፊት አያፍርም።