ጠለፋና አስገድዶ መድፈር፦ ዕርቅና ጋብቻ የወንጀል ተጠያቂነትን አያስቀሩም

ይህ መረጃ የተዘጋጀው በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ በአዲስ ቅዳምና በአካባቢዋ ለሚኖሩ ተገልጋዮች ነው።

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕጋዊ ጋብቻ ካገባት፣ ጋብቻው እስካልፈረሰ ድረስ እንዳይከሰስ ይፈቅድ ነበር። ይህ ድንጋጌ ዛሬ የለም። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) በአንቀጽ 587 ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ከጠለፋው በኋላ የሚፈጸም ጋብቻም ተጠያቂነቱን እንደማያስቀር በግልጽ ደንግጓል። ከጠለፋው ጋር መድፈር ከተፈጸመ የአስገድዶ መድፈር ቅጣት ይከተላል፤ ይኸውም በአንቀጽ 620 መሠረት ከ5 እስከ 15 ዓመት፣ ተበዳይዋ ከ13 ዓመት በላይና ከ18 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 20 ዓመት ነው።

ጥቃቱ በተሰማ ማግስት ሽማግሌ መላክ የተለመደ ነው። ሽማግሌዎች በቤተሰቦች መካከል ቂምና ደም መፋሰስ እንዳይከተል የሚያደርጉት ጥረት የሚከበር ቢሆንም፣ በዕርቅ ስም የሚከፈል ካሣ የዐቃቤ ሕግን ክስ አያስቀርም። የወላጆች ፈቃድም ቢሆን ከ18 ዓመት በታች የሆነችን ልጅ ጋብቻ ሕጋዊ አያደርገውም።

ጥቃት የደረሰባት ሴት ከሁሉ አስቀድማ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርባታል። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሰጠው በ72 ሰዓት ውስጥ ስለሆነ፣ ሽማግሌ ወይም ገበያ የሄደ ዘመድ እስኪመለስ መጠበቅ አይገባም። ከተቻለ ከምርመራው በፊት ገላን አለመታጠብ፣ የለበሱትንም ልብስ ሳያጥቡ ማቆየት ለማስረጃ ይጠቅማል። ታጥባ ከሆነም ከመሄድ አትቅር፤ ሕክምናውም አቤቱታውም አይቀርባትም። ከመደፈር የተነሣ እርግዝና ቢከሰት አንቀጽ 551 ጽንሱን በሕክምና ተቋም ማቋረጥን ይፈቅዳል፤ ለዚህም የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ ማስረጃ ነው (አንቀጽ 552)።

አቤቱታ ለፖሊስ በቃል ማቅረብ ይቻላል። ቃሏን በአዊኛ መስጠት የምትመርጥ ተበዳይ ይህንኑ ለመርማሪው አስቀድማ ትግለጽ። በባል የሚፈጸም ድብደባም በአንቀጽ 564 መሠረት ወንጀል ስለሆነ በዚሁ መንገድ ይቀርባል።