ሚስዮኖችና የምዕራብ ሸዋ ልጆች

በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ከዓባይ በስተደቡብ ያለው የሜጫ ኦሮሞ አገር የባሪያ ንግድ መተላለፊያ ነበር። ከጅማ፣ ከሊሙና ከጉማ የሚነሡ ሲራራ ነጋዴዎች ከቡናውና ከዝሆን ጥርሱ ጋር ሰው እየነዱ ጉድሩ ውስጥ ወዳለው የአሰንዳቦ ገበያ ይመጡ ነበር። ከዚያ ዓባይን ተሻግረው፣ በጎጃሙ የባሶ ገበያ አድርገው ወደ መተማና ወደ ምጽዋ ይዘልቃሉ። ሌላው መንገድ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በየረር አጠገብ በነበረው በሮጌ ገበያ በኩል አልዩ አምባ ይደርሳል። አምቦና አካባቢዋ በሁለቱ መንገዶች መካከል ይገኛሉ። ከሚነዱት ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። ልጅ በቀላሉ አያመልጥም፤ የጌታውንም ቋንቋ ቶሎ ይለምዳል።

በዚህ አገር ከልጆች ጋር ሥራ የጀመሩት የመጀመሪያው ሚስዮናዊ ኢትዮጵያውያን «አባ ማስያስ» የሚሏቸው ኢጣልያዊው የካፑቺን ጳጳስ ጉልየልሞ ማስያ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1852 ጉድሩ ገቡ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ ጥቂት ቆይተውም በስተደቡብ ወዳለው ላጋማራ ሥራቸውን አሰፉ። ስም ያወጣላቸው ግን ከስብከታቸው ይልቅ ክትባታቸው ነው። ፈንጣጣ ቤት በሚዘጋበት ዘመን የልጆችን ክንድ ጫር እያደረጉ ስለከተቡ ሕዝቡ «አባ ፈንጣጣ» አላቸው። እናት ልጇን ይዛ የምትመጣው ክትባቱን ፈልጋ ነው፤ ትምህርተ ክርስቶሱ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነበር። ማስያ ከባሪያ ገበያ ልጆችን እየገዙ ነፃ አውጥተው ያሳድጉም ነበር፤ ከእነዚህ መካከል ረዳቶችን አፈሩ። ይህ ዘዴ ክፉ ጎንም ነበረው። ገበያተኛው ገንዘብ ያለው ገዢ መጨመሩን እንጂ የገዢውን አሳብ አይጠይቅም። በ1866 ደግሞ ለኦሮሞ ወጣቶች ማርሴይ ከተማ ኮሌጅ ከፈቱ። የፈረንሳይ አየር ግን ለልጆቹ አልተስማማም፤ ኮሌጁም ብዙ አልቆየም። ማስያ በ1879 በአፄ ዮሐንስ ግፊት ከሸዋ ወጡ።

በንግዱ መንገድ መጨረሻ በኩል፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ሌላ ሥራ ተጀምሮ ነበር። በ1856 የተመሠረተው የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ሰዎቹን የላከው ወደ ኦሮሞ አገር ነው፤ መንገዱ ስለተዘጋባቸው ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ላይ ትምህርት ቤት ከፈቱ። እነሱ ወደ ኦሮሞ አገር መግባት ሲያቅታቸው የኦሮሞ ልጆች በነጋዴ ተነድተው ወደ እነሱ መጡ። ከእነዚህ አንዱ ኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ ተወልዶ በልጅነቱ የተሰረቀውና ከእጅ ወደ እጅ የተሸጠው ሂካ ነበር። በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጥቶ በ1872 ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ። በ1886 ደግሞ የኢጣልያ መርከብ ወደ የመን ከሚወስዷት ነጋዴዎች እጅ ያስጣላት አስቴር ጋኖ እምኩሉ ገባች።

አስቴር ከመሰረቋ በፊት የሰማቻቸውን ተረቶች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖች አልረሳችም ነበር። እነዚያ ተሰብስበው በ1894 እምኩሉ ላይ በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ ገቡ። መጽሐፉ የተጻፈው በግእዝ ፊደል ነው። ኦኔሲሞስ በአስቴር የቃላት ስብስብ እየታገዘ አዲስ ኪዳንን በ1893፣ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በኦሮምኛ አሳተመ። በእነዚሁ ዓመታት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ከነጋዴዎች ካስጣሏቸው የኦሮሞ ልጆች 64ቱ የስኮትላንድ ሚስዮን በኤደን በኩል ወስዶ በ1890 ደቡብ አፍሪካ ላቭዴል አስገብቷቸዋል። የእያንዳንዳቸው ታሪክ በጽሑፍ ስለተያዘ ከቤታቸው እንዴት እንደወጡ ዛሬ ይታወቃል። አንዳንዶቹ በወረራ ተማረኩ፤ አንዳንዶቹን ረኀብና ዕዳ የያዛቸው ዘመዶቻቸው ሸጧቸው።

ኦኔሲሞስና አስቴር በ1904 ነቀምቴ ገብተው በአገሩ ገዥ በደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞረዳ) ጥላ ሥር ልጆችን በኦሮምኛ ማስተማር ጀመሩ። ከአዲስ አበባ ነቀምቴ የሚያደርሰው መንገድ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ፣ በአምቦና በጌዶ ያልፋል። ይሁንና ሚስዮኖች ለረጅም ጊዜ ዓይናቸው ወለጋ ላይ ስለነበር ምዕራብ ሸዋን አልፈውት ይሄዱ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሸዋ የቤተ መንግሥቱና የቤተ ክህነቱ ደጅ ነበርና የውጭ ሰባኪ በቀላሉ አይደፍረውም ነበር።

ምዕራብ ሸዋ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በገባር ሥርዓት ሥር ወድቆ ነበር። መሬቱ በቀላድ ተለክቶ ለባለ ሥልጣን፣ ለወታደርና ለቤተ ክርስቲያን ሲከፋፈል ብዙው ገበሬ በገዛ ቀዬው ጭሰኛ ሆነ። ሲሶ ወይም እኩል ከማካፈሉ ሌላ ለጌታው እህል ይፈጫል፣ ማገዶ ያቀርባል፣ አጥር ያጥራል። ሥራው ለልጆቹም ይተርፋል፤ ወንዱ ከብት ይጠብቃል፣ ሴቷ ውሃ ትቀዳለች። ለእንዲህ ያለው ልጅ በአቅራቢያው የነበረው ትምህርት የቄስ ትምህርት ቤት ነው። በአጥቢያው ጥላ ሥር «ሀ ግእዝ፣ ሁ ካዕብ» እያለ ፊደል ይቆጥራል፤ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ ቀጥሎ ወንጌልና ዳዊት ነው። ከፍ ያለ ትምህርት የፈለገ ደግሞ የቆሎ ተማሪ ሆኖ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከውሻ ጋር እየታገለ ይለምናል። በአምቦ አቅራቢያ ቦዳ የተወለደው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ግእዙን በልጅነቱ የቀሰመው ከቤተ ክህነት ነው። ይህ ትምህርት ክፍያው ቀላል ቢሆንም ኦሮምኛ ብቻ ለሚያውቅ እረኛ ሁለት እንግዳ ቋንቋዎችን በአንድ ጊዜ የሚያሸክም ነበር።

ከኢጣልያ ወረራ በኋላ በነሐሴ 1944 የወጣው የሚስዮኖች ደንብ መላ ኢትዮጵያን «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልል» እና «ክፍት ክልል» ብሎ ከፈለው። በመጀመሪያው ክልል ሆስፒታልና ትምህርት ቤት መክፈት ሲፈቀድ ሃይማኖት ማስለወጥ ተከለከለ። የማስተማሪያው ቋንቋ በሁሉም ቦታ አማርኛ ሆነ። ስለዚህ የአስቴርና የኦኔሲሞስ መጻሕፍት ከክፍል ውጭ ቀሩ። ምዕራብ ሸዋም በዚያ ዘመን የትምህርት ድሃ ነበር። በ1950 ወሎንኮሚ የተወለዱትና በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ፣ እሑድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ሄደው ሳምንቱን ተምረው ዓርብ ይመለሱ ነበር።

ይህን ክፍተት በገጠር ለመሙላት የሞከረው በ1959 የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1962 የጀመረችው የ«የምሥራች ድምፅ» የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ብልሃቱ ርካሽነቱ ነበር። ሕንፃ አይጠብቅም፤ ከአንደኛ ደረጃ እምብዛም ያልዘለለ የአካባቢው ወጣት አስተማሪ ይሆናል፤ ልጅና አዋቂ አብረው ይቀመጣሉ። ከዚያ ማንበብ የቻለው ልጅ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ይሻገራል። ካቶሊኮቹ በበኩላቸው ከተማውን መረጡ፤ አምቦ ውስጥ በላዛሪስት ማኅበር ስም የሚጠራው ትምህርት ቤት ዛሬም አለ።

የ1975ቱ የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ፤ ብዙ ሰባኪ ያልሞከረውን በአንድ ቀን አደረገው ማለት ይቻላል። አዋጁን ያወጣው መንግሥት ግን የሚስዮን ትምህርት ቤቶችን ወረሰ፣ ጸሎት ቤቶችን ዘጋ። ወንጌልንና ልማትን መነጠል አይገባም እያሉ ይከራከሩ የነበሩት የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 1979 ታፍነው ተገደሉ።

ከ1991ዱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ጸሎት ቤቶቹ ተከፈቱ፤ ኦሮምኛም በላቲን ፊደል የትምህርት ቋንቋ ሆነ። በ1993 ኮምፓሽን ኢንተርናሽናል ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ አዲስ አሠራር ተስፋፋ። ሰዉ «ፕሮጀክት» ይለዋል። በውጭ አገር ያለ ስፖንሰር በየወሩ ለአንድ ልጅ ገንዘብ ይልካል፤ የአካባቢው ቤተ ክርስቲያን ልጁን መዝግባ ደብተርና ዩኒፎርም ትሰጣለች፣ ታሳክማለች፣ ታስጠናለች። ልጁ ደግሞ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ፎቶ ይነሣል። ጥቅሙ አያጠራጥርም፤ ቅሬታውም የቆየ ነው። ከአንድ ድሃ ቤት አንዱ ተመዝግቦ ወንድሙ ሲቀር ቤቱ ውስጥ ልዩነት ይፈጠራል፤ የልጅ ችግር በፎቶ ሲዞር ደግሞ የቤተሰቡ ክብር ይነካል። በሕጉ በኩል አብያተ ክርስቲያናቱ ስብከቱንና ልማቱን ለይተዋል፤ የመካነ ኢየሱስ የልማትና ማኅበራዊ አገልግሎት ኮሚሽንም ራሱን ችሎ የሚሠራ ክንፍ ነው። በየከተማው ግን ጸሎት ቤቱና የልጆቹ ክፍል ብዙ ጊዜ የሚገኙት በአንድ ግቢ ውስጥ ነው።