የምርጫ ብድርና የሕግ ጠባቂነት

አንድ ተማሪ የክፍል አለቃ ለመሆን ፈልጎ ከጓደኛው ገንዘብ ተበደረ እንበል። በገንዘቡም መራጮቹን ሻይና ከረሜላ ጋበዘ፤ ተመረጠም። እንግዲህ ያ አበዳሪ በማግሥቱ አርፍዶ ቢመጣ፣ አዲሱ አለቃ ስሙን ከአርፋጆች ጋር ይጽፈዋልን? እኛ የታሪክ ክበብ ተማሪዎች በዚህ ጥያቄ ስንከራከር፣ ታላላቅ መንግሥታትም በዚሁ ነገር እንደ ተቸገሩ ከታሪክ ስላገኘን፣ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ጥቂት ልንጽፍ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻችን እንግሊዝ አገር ነው። በዚያ አገር በ19ኛው መቶ ዓመት ለምክር ቤት የሚወዳደር ሰው መራጩን በመጠጥና በገንዘብ መደለሉ የተለመደ ነበር። ስለዚህ በ1883 ጠንካራ ሕግ ወጥቶ እጩው ለምርጫ የሚያወጣው ገንዘብ ተወሰነ፤ ሒሳቡንም እንዲያስረክብ ታዘዘ። ሆኖም ሕጉ የጠበቀው እጩውን እንጂ ፓርቲውን አልነበረም። ጠቅላይ ሚኒስትር ሎይድ ጆርጅ ከ1916 እስከ 1922 ሲገዙ የክብር ማዕርግ ለፓርቲ ገንዘብ በሚሰጡ ሰዎች ይገዛል የሚል ብርቱ ወቀሳ ተነሣ። በ1925ም ማዕርግን በገንዘብ መሸጥና መግዛት ወንጀል ሆኖ ተደነገገ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን አልፎ በ2000 አዲስ ሕግ ወጣ፤ የምርጫ ኮሚሽንም ተቋቋመ። ፓርቲ ከ5,000 ፓውንድ በላይ ስጦታ ሲቀበል የሰጪውን ስም ለኮሚሽኑ እንዲያስታውቅ ግዴታ ሆነ። ነገር ግን በንግድ ደንብ፣ ማለት ገበያው በሚጠይቀው ወለድ የተሰጠ ብድር፣ ስጦታ አይደለም ተብሎ ሳይመዘገብ ይታለፍ ነበር። የፊት ለፊቱ በር ተዘግቶ የጓሮው በር ክፍት ቀረ ማለት ነው።

ሁለቱ ታላላቅ ፓርቲዎች በዚሁ በር ገቡ። ነገሩ በማርች 2006 ሲገለጥ፣ የሌበር ፓርቲ ከ12 ሰዎች 13.95 ሚሊዮን ፓውንድ መበደሩ፣ የኮንሰርቫቲቭ ፓርቲም ከ13 አበዳሪዎች ወደ 16 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ መውሰዱ ታወቀ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የሌበር ፓርቲ ገንዘብ ያዥ የነበሩት ጃክ ድሮሚ ስለ ብድሩ እንዳልተነገራቸው በይፋ መናገራቸው ነው። የጎተራውን ቁልፍ የያዘ ሰው የገባውን እህል ካላወቀ፣ ባለቤቱ ሕዝብ ከየት ሊያውቅ ይችላል?

ከአበዳሪዎቹ አንዳንዶቹ ለሎርዶች ምክር ቤት አባልነት ታጭተው ስለ ነበር፣ ማዕርጉ የብድሩ ውለታ ነው የሚል ጥርጣሬ ተነሥቶ ፖሊስ ምርመራ ጀመረ። ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር ራሳቸው በዲሴምበር 2006 በምስክርነት ተጠየቁ። እውነቱን ሳናጓድል ለመናገር፣ በጁላይ 2007 ዐቃቤ ሕግ ማንንም እንደማይከስ አስታወቀ። ይሁን እንጂ ሕዝቡ ስለ ብድሩ የሰማው ድምፁን ከሰጠ በኋላ ነበር፤ ይህን ሊመልስለት የሚችል ፍርድ ቤት የለም።

ምክር ቤቱ የምርመራውን መጨረሻ ሳይጠብቅ በጁላይ 2006 ሕጉን አሻሻለ። ከዚያ ወዲህ ፓርቲ ከተወሰነ መጠን በላይ ሲበደር የአበዳሪውን ስም፣ የገንዘቡን ልክ፣ ወለዱን፣ የሚመለስበትን ቀንና መያዣውን ማስታወቅ አለበት። ዋስ የሚሆን ሰውም ከዚህ አያመልጥም። ለማበደር ካልተፈቀደለት ሰው የተወሰደ ብድር ደግሞ ውሉ ፈራሽ ሆኖ ገንዘቡ ይመለሳል።

በፈረንሳይም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። በ2014 ናሲዮናል ፍሮንት የተባለው ፓርቲ የፈረንሳይ ባንኮች ስለ ከለከሉኝ ነው ብሎ፣ ከአንድ የሩሲያ ባንክ ከ9 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተበደረ። ባንኩ በ2016 ፈቃዱን ሲነጠቅ የዕዳው ሰነድ ወደ ሌላ የሩሲያ ድርጅት ተላለፈ። ተበዳሪው ባልመረጠው ባለዕዳ እጅ ወደቀ ማለት ነው። በ2017 የወጣው ሕግ ከአውሮጳ የኢኮኖሚ ክልል ውጭ ካሉ ባንኮች መበደርን ከለከለ፤ ከግለሰብ የሚወሰደውም ብድር ከ5 ዓመት እንዳያልፍ ወሰነ። ነገር ግን መከልከል ብቻ እንደማይበቃ ስለ ታወቀ፣ እጩዎችንና ፓርቲዎችን ከባንኮች ጋር የሚያስማማ አስታራቂ ሹም በዚሁ ሕግ ተቋቋመ።

ብድር ከስጦታ ይልቅ መጠበቅ ያለበት ለምንድን ነው? ስጦታ በአንድ ቀን ተሰጥቶ ያልቃል፤ አበዳሪ ግን ወረቀቱን በኪሱ ይዞ ይኖራል። ሲቈጣ ገንዘቡን አምጣ ይላል፤ ሲደሰት ቀኑን ያራዝማል ወይም ዕዳውን ይተዋል። «ብድር በምድር» የሚለው ያገራችን ተረት ውለታ ሳይከፈል እንደማይቀር ያስተምረናል። የተመራጩ ዕዳ ግን ከኪሱ ሳይሆን ከሕዝቡ መብት እንዳይከፈል ያሠጋል።

ይህን ስንል ብድር ሁሉ ይከልከል ማለታችን አይደለም። ብድር ፈጽሞ ከተከለከለ ምክር ቤት የሚገባው ባለጠጋ ብቻ ይሆናል፤ ዕውቀት ያለው ድኻ በደጅ ይቀራል። እኛ ከታሪኩ ያገኘነው ትምህርት፣ ብድሩ ከምርጫው ቀን በፊት በግልጽ ይነገር የሚል ነው። የክፍላችን እጩ «ሻዩን የገዛሁት ከእገሌ ተበድሬ ነው» ብሎ አስቀድሞ ቢነግረን፣ እናምነው ወይም አናምነው እንደ ሆነ የምንፈርደው እኛው እንሆናለን። ከመካከላችን ነገ መራጭ የሚሆኑ ብዙዎች፣ ተመራጭም የሚሆኑ ጥቂቶች አሉ። ለሁላችንም ይህ ጥያቄ ከወዲሁ የተለመደ ይሁን፤ ገንዘቡ የማን ነው?