ባለ 21 ማርሽ ማለት ምን ማለት ነው?

የዛሬው ወሬያችን ስለ ብስክሌት ማርሽ ነው። "ደግሞ ማርሽ ምን ታሪክ አለው?" የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አለው። በዓለም ትልቁ የብስክሌት ውድድር፣ ቱር ደ ፍራንስ፣ ለብዙ ዓመታት ማርሽ መቀየሪያ አይፈቅድም ነበር። የፈቀደው በ1937 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። የተከለከለው ዕቃው ስላልነበረ አይደለም። ዕቃው ተሠርቶ ይሸጥ ነበር። የተከለከለው "የደካማ ነው" ተብሎ ነው። ወደዚያ እንመጣለን።

መጀመሪያ ቃሉን እንየው። እዚህ አገር "ሂሉኪም" እንላለን፤ ከመሄድ የመጣ ቃል ነው። የአማርኛው "ማርሽ" ደግሞ ከጣሊያንኛው "ማርቻ" የመጣ ነው፤ እሱም እርምጃ፣ የሰልፍ ጉዞ ማለት ነው። ሁለቱም ጥርሳሙን ብረት ትተው ያዩት እግርን ነው። ይሄን ሳስተውል ደስ ነው ያለኝ፣ ምክንያቱም ማርሽ በእርግጥም የእግር ጉዳይ ነው። እግር አንዴ ሲዞር ብስክሌቱ ምን ያህል ይሄዳል? ጥያቄው በሙሉ ይኸው ነው።

በ1870ዎቹ የነበረው መልስ አንድ ብቻ ነበር፦ ትልቅ ጎማ። የፊት ጎማው እንደ ግንብ የቆመ፣ የኋላው ሳህን የሚያህል የድሮ ብስክሌት በሥዕል ሳታዩ አልቀራችሁም። ዛሬ ሰው ሲያየው ይስቃል፣ ግን ሞኝነት አልነበረም። ሰንሰለት የለውም፤ ፔዳሉ የተያያዘው በቀጥታ ከፊት ጎማው ጋር ነው። እግር አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ይዞራል። ስለዚህ የበለጠ መሄድ የፈለገ ጎማውን ማሳደግ ነበረበት፣ ያውም እግሩ እስከደረሰለት ድረስ። ረጅም ሰው ፈጣን ብስክሌት ይገዛል፣ አጭሩ ይቀራል። እንቅፋት ከመታው ደግሞ ረጅሙም በአፍጢሙ ነው የሚደፋው።

በ1885 እንግሊዝ አገር፣ ኮቨንትሪ ከተማ፣ ጆን ኬምፕ ስታርሊ "ሮቨር" የተባለውን ብስክሌት አወጣ። ሁለቱ ጎማዎች በመጠን የሚቀራረቡ፣ ፔዳሉ መሃል ላይ፣ ኃይሉ በሰንሰለት ወደ ኋላ ጎማ የሚሄድ። የዛሬው ብስክሌት ማለት ነው። ከፊት ብዙ ጥርስ፣ ከኋላ ጥቂት ጥርስ ካደረጋችሁ፣ ትንሹ ጎማ የትልቁን ያህል ይሄዳል። የእግር ርዝመት ጉዳይ እዚያ ላይ አበቃ።

ሒሳቡ የማካፈል ሒሳብ ነው። የፊቱን ጥርስ ብዛት ለኋላው ታካፍላላችሁ። ከፊት 40፣ ከኋላ 18 ከሆነ 2.22 ይመጣል፤ እግር አንዴ ሲዞር የኋላ ጎማው 2.22 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። የጎማው ቁመት 27 ኢንች ከሆነና ብታባዙት 60 ኢንች ይሆናል። ይሄ 60 ምን መሰላችሁ? ያ ግንብ የሚያህለው ጎማ ነው! አንድ ሜትር ተኩል ገደማ። በእንግሊዝና በአሜሪካ ዛሬም ማርሽን እንዲህ የሚለኩ አሉ፤ ከመቶ ዓመት በፊት ከመንገድ በጠፋ ብስክሌት። ፈረንሳዮቹ እግር አንዴ ሲዞር ስንት ሜትር እንደተሄደ ይቆጥራሉ፤ ለዚሁ ማርሽ 4.8 ሜትር ገደማ ነው። ለእኔ የፈረንሳዮቹ ይቀለኛል።

እሺ፣ ሱቅ ገባችሁ እንበል። አንዱ ብስክሌት ላይ "21 ሂሉኪም" ተብሎ ተጽፏል፣ ሌላው 11 ብቻ። የቱ ይሻላል? ባለ 21ዱ ከፊት ሦስት አለው፦ 48፣ 38 እና 28 ጥርስ። ከኋላ ከ14 እስከ 28 ጥርስ ያላቸው ሰባት። ሦስት ጊዜ ሰባት፣ 21። ግን ከፊት 48፣ ከኋላ 24 ስታደርጉ 2 ይመጣል። ከፊት 28፣ ከኋላ 14 ስታደርጉም 2 ነው። ሁለት ተብሎ የተቆጠረው አንድ ማርሽ ነው፤ ሌሎቹም ብዙዎቹ እንዲሁ ይነባበራሉ። ቁም ነገሩ ያለው ሁለቱ ጫፎች ላይ ነው። ቀላሉ 28 ለ28 ሲካፈል 1፣ ከባዱ 48 ለ14 ሲካፈል 3.4። ባለ 11ዱ ከፊት አንድ ባለ 32 ብቻ፣ ከኋላ ከ11 እስከ 46 ቢኖረው፣ ቀላሉ 0.7 ከባዱ 2.9 ይሆናል። ጎማቸው እኩል ከሆነ፣ ዳገት ላይ ባለ 11ዱ ባለ 21ዱን ያስከነዳዋል። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ይሄን አይነግራችሁም።

አንድ ነገር ላክል። ቀላል ማርሽ ዳገቱን አይቀንሰውም። ከፍታው ያው ነው፣ የምታወጡትም ጉልበት በድምሩ ያው ነው። የሚለየው አከፋፈሉ ነው፤ በአንዴ ከመክፈል በ"ታሽሉሚም" መክፈል በሉት። በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄዳችሁ ዳገት ስትወጡ፣ በ1 ማርሽ እግራችሁ በደቂቃ 60 ጊዜ ይዞራል። በ3 ማርሽ 20 ጊዜ ብቻ፣ ግን እያንዳንዱ ዙር ሦስት እጥፍ ግፊት ይጠይቃል። ጉልበት ላይ ምን እንደሚያደርስ የሞከረው ያውቀዋል።

ይሄ ነው እንግዲህ ነውር የተባለው። የቱር ደ ፍራንስ መሥራች አንሪ ዴግራንዥ በ1902፣ ውድድሩን ከመጀመሩ አንድ ዓመት በፊት፣ ማርሽ መቀየር ዕድሜው ከ45 በላይ ለሆነ ሰው እንደሆነ ጽፎ ነበር። ወንድ በጡንቻው ያሸንፍ እንጂ በዕቃ አይደለም ባይ ነው። በዚያው ዓመት ግን እንግሊዝ አገር፣ ኖቲንግሃም ውስጥ፣ "ስተርሚ አርቸር" የተባለው ባለ ሦስት ማርሽ የጎማ እምብርት ወጣ። ተራው ሰው ገዝቶ ይነዳበታል፣ ሻምፒዮኑ ይከለከላል። ዴግራንዥ በ1910 ውድድሩን ወደ ፒሬኔ ተራሮች፣ ወደ ቱርማሌ ወሰደው፤ 2,115 ሜትር፣ ያውም በዚያ ዘመን መንገድ። በእኔ ግምት ዴግራንዥ የፈለገው ሲሰቃዩ ማየት ነበር፤ ጋዜጣ የሚሸጠው እሱ ነው።

ተወዳዳሪዎቹስ ምን ያደርጉ ነበር? የኋላ ጎማቸው በግራና በቀኝ ሁለት ዓይነት ጥርስ ነበረው። ዳገቱ ሥር ይወርዳሉ፣ ጎማውን ይፈታሉ፣ ያገላብጡታል፣ መልሰው ያስራሉ። ቁልቁለት ሲመጣ እንደገና። በብርድ የደነዘዘ ጣት ይዞ ማለት ነው።

ዴግራንዥ ታሞ በ1936 ኃላፊነቱን ለቀቀ። በ1937 ማርሽ መቀየሪያ ተፈቀደ፤ በዚያ ዓመት በእሱ ያሸነፈው ፈረንሳዊው ሮዤ ላፔቢ ነው። በ1938 ደግሞ ጣሊያናዊው ጂኖ ባርታሊ።

ባርታሊን እዚህ አገር የምናውቀው በሌላ ነገር ነው። በጦርነቱ ጊዜ ልምምድ የሚያደርግ መስሎ፣ አይሁዶችን ለማዳን የተሠሩ የሐሰት ሰነዶችን በብስክሌቱ ውስጥ ደብቆ አመላልሷል ተብሎ፣ ያድ ቫሼም በ2013 ከጻድቃን አሕዛብ ቆጥሮታል። ዝርዝሩ ላይ የታሪክ ሰዎች ይከራከራሉ። በ2018 ጂሮ ዲታሊያ ከኢየሩሳሌም ሲነሳም ስሙ የተነሳው በዚህ ነው።

ለእኛ ወሬ ግን 1948 ይበልጣል። ካሸነፈ አሥር ዓመት ሆኖታል፣ በመሃል ጦርነት አልፏል፣ ውድድሩ ላይ እያለ ነው 34 ዓመት የሞላው። ከመሪው ከ20 ደቂቃ በላይ ወደ ኋላ ቀርቷል። የያዘው መቀየሪያ የካምፓኞሎ "ካምቢዮ ኮርሳ" ነበር፤ አዎ፣ አባቶቻችን የመኪናውን ማርሽ "ካምቢዮ" የሚሉት ያው ቃል ነው። አጠቃቀሙ እንዲህ ነው፦ እየነዳችሁ እጃችሁን ወደ ኋላ ትሰዳላችሁ። በአንዱ ዘንግ የኋላ ጎማውን ትፈቱታላችሁ፣ እየሄዳችሁ! ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞራችሁ በሌላው ዘንግ ሰንሰለቱን ከጥርስ ወደ ጥርስ ታሻግራላችሁ፣ ከዚያ ጎማውን መልሳችሁ ታስራላችሁ። ባርታሊ በዚህ ዕቃ ኢዞዋርን፣ 2,360 ሜትር፣ ወጣ። በአልፕስ ሦስት የውድድር ቀን ተከታትሎ አሸነፈ፣ ቱሩንም ወሰደ። ዴግራንዥ ያለው 45 ሊሞላው ገና 11 ዓመት ይቀረው ነበር።

ዛሬ ክርክሩ ወደ ኤሌክትሪክ ብስክሌት ዞሯል፤ "ይሄ ደግሞ መንዳት ነው?" ሲባል እሰማለሁ። እሱን በሌላ ዝግጅት እንመለስበታለን። እስከዚያው የብስክሌታችሁን ጥርስ ቁጠሩና ቀላሉን ማርሽ አካፍላችሁ ላኩልን። ከ1 በታች ያለው ሰው ሰፈሩንም ይጻፍልን፣ ዳገቱን እንድናውቀው።